ምስር የምታህል ፊት

ሰው ሁሉ «ነገሩን ቀረብ ብዬ ልየው» ይላል እንጂ፣ ቀርቦ ማየት ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው። እስቲ ጋዜጣ አፍንጫችሁ ላይ ለጥፋችሁ አንብቡ! ዘመድም እንዲሁ ነው። በዓመት አንዴ ለበዓል ብቅ ሲል ማር የሆነ አጎት ሦስት ወር አብሯችሁ ሲከርም ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። አጎቱ የእኔ ነበር።

ይህ ነገር ለካሜራዬም የገባት ይመስለኛል። ኪስ ውስጥ የምትገባ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ናት፤ ኮሌጁ ላቦራቶሪ ውስጥ ዕቃ ጠባቂ ሆኜ በተቀጠርሁ ሰሞን የገዛኋት። (ሰፈሩ «መምህር» ይለኛል፤ እኔም አላረምሁም።) ሰው ሁሉ በስልኩ በሚያነሣበት ዘመን እሷን አንጠልጥዬ ሐይቁ ዳር ባለው ሰፈራችን በሹም አቦ ስዞር የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሣቅ። ከሐይቁ ማዶ ያለችውን ደሴት አምጥታ ደጃፌ ላይ ታስቀምጥልኛለች። አንድ ክፉ ጠባይ ብቻ አላት፦ ከክንድ ባነሰ ርቀት የቀረባትን ነገር አታይም። ታደበዝዘዋለች። በካሜራ ቋንቋ «እባክህ ራቅ በል» ማለቷ ነው።

ከዚህ ጠባይዋ ጋር ያጣላኝ የጎረቤቴ የእትየ መዲና ፎቶ ነው። እትየ መዲና ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበሱ የሚሸጡ፣ አንደበታቸው ከጥብሳቸው የማይተናነስ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው አሊ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ቄጠማ፣ ከደንገል፣ ታንኳ የሚሠራ ነበር። ልጃቸው ሰአዳ ገና በሆዳቸው ሳለች ታሞ ሞተ። ከእሱ የቀረች አንዲት ፎቶ ናት፤ አንድ አገር ጎብኚ ሰባት ታንኳ ሠሪዎችን በሥራ ላይ አንሥቶ የላካት፣ መዳፍ እንኳ የማትሞላ ወረቀት። አሊ መሐል ላይ የተቀመጠው ነው። ፊቱ ምስር ታህላለች።

ሰአዳ አሁን ልብስ ሰፊ ሆናለች። ለአንድ የይፋግ ሩዝ ነጋዴ ልትዳር ሁለት ሳምንት ሲቀራት ፎቶዋን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛልኝ መጣች።

«ጋሼ፣ ከአባቴ ቤት ልወጣ ነው፤ የአባቴን ፊት ግን አላውቀውም» አለችኝ።

ይህን ሰምቶ «ካሜራዬ ቅርብ አታይም» ብሎ የሚመልስ ሰው ካለ፣ ጠንካራ ሰው ነው። እኔ አይደለሁም።

በስልክ አይሞከርም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ተሞክሯል። ፎቶ ቤትም ተወስዶ እንዲተልቅ ተደርጓል፤ ምስሯ አተር አከለች እንጂ ሰው አልሆነችም። ስለዚህ ገበያ ወርጄ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ አንድ ዓይኑ የጠፋ የሩቅ ማያ መነጽር ገዛሁና የቀረውን አንዱን ዓይን አወጣሁለት። ተአምሩ ምን መሰላችሁ? ሩቅ እንዲያሳይ የተሠራው መስታወት ከወዳጆቹ ተለይቶ ብቻውን ካሜራ ፊት ሲቆም ቅርብ ያሳያል። መስታወቷን በፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አፍ ላይ አጣበቅሁ፤ ብርሃን ውስጡ እንዳይንጸባረቅ የባጃጅ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጬ አለበስሁትና ካሜራዋ ላይ በፕላስተር አሰርሁት።

ረስቼው ነበር። ካሜራዋ ስትበራ አፏ ወደፊት ይወጣል። ቁልፏን ብጫናት የሁለት ቀን ሥራዬን ገፍታ ወርውራ ገበታው ላይ የነበረው ሽሮ ውስጥ ከተተችልኝ። «ጨው ጎድሎት ነበር» አለች ባለቤቴ፣ መብላቷን ሳታቋርጥ። በማግስቱ ረዘም ያለ ቧንቧ ቆረጥሁ፤ አፏ ውስጡ እንደ ልቡ የሚወጣበትና የሚገባበት። እሱንም ከአሮጌ ሱሪ ወገብ በወጣ ላስቲክ ከካሜራዋ ገላ ጋር ጠፈርሁት። መልኳ አያምርም። ግን አየች! የጤፍ ቅንጣት ባሳያት የጤፍ ቅንጣት አየች።

እሑድ ጠዋት እነ እትየ መዲና ቤት፣ ወደ ሐይቁ በሚያየው መስኮት ሥር ፎቶዋን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋናት። ካሜራዋን በሁለት ደብተር ክምር ላይ ፊቷን ወደ ፎቶዋ አስጎንብሼ አስቀመጥኋት። እንዲህ ቀርቦ ሲታይ የጣት ንክኪም ምስሉን ያበላሻልና ራሷ ቆጥራ እንድታነሣ አደረግሁ፤ መቁጠር ስትጀምር እትየ መዲና «ቢስሚላህ» ይላሉ፣ ከዚያ ሦስታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ያነሣችውን በተዋስሁት ላፕቶፕ ላይ አውጥቼ ከፈትሁት።

ጥላ ነበር። አሊ አንገቱን ወደ ሥራው ደፍቶ ኖሯል፤ የባርኔጣው ጥላ ከግንባሩ እስከ አገጩ ወርዷል። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ። የእኔ ሌንስ ጥፋት አልሠራችም፤ የሌለውን ከየት ታምጣ? ሰአዳ አላለቀሰችም። «ይሁን ጋሼ፣ በጣም ደከሙ» አለችኝ። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እንዲያው አፍሬ፣ ዕቃዬን ሰብስቤ ለመሄድም ከብዶኝ፣ ፎቶዋን ትንሽ ገፋ አድርጌ አንድ ጊዜ ደገምሁ። አሁን የመጡት እጆቹ ናቸው። እነሱ ፀሐይ ላይ ነበሩ። ጣቶቹ ይቆጠራሉ፣ የደንገሉ ጭረት ይታያል፣ ቢላው ያበራል። ሰአዳ ወደ ላፕቶፑ አጎነበሰች።

«እማ፣ ቢላውን የያዘው በግራው ነው።»

እዚህ ላይ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ልንገራችሁ። ሰአዳ ከተወለደች ጀምሮ እጇ ወደ ግራ ያደላል። በእኛ ዘንድ ደግሞ በግራ መብላት፣ በግራ መስጠት፣ በግራ መቀበል ነውር ነው። እትየ መዲና ልጃቸው እንዳትሰደብ ብለው ግራ እጇን በሻሽ ከወገቧ ጋር አስረው አሳደጓት። «ከማን እንዳመጣሽው እንጃ!» ይሏት ነበር። እኔም ውሃ ስታቀብለኝ «በቀኝሽ!» ያልሁባት ቀን አለ። ዛሬ በሰው ፊት ጨርቅ የምትቀደው በቀኟ ነው፤ ብቻዋን ስትሆን ግን መቀሱ ወደ ግራ ይሻገራል።

እትየ መዲና ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩት። «ያንተ መስታወት ነው አዙሮ ያሳየ! አይደለም ወይ መምህር?»

ውሸቱ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ «አዎ» የእናትን ገመና ትሸፍናለች፤ የሰፈሩ መምህር ደግሞ እኔው ሐሰተኛው ነኝ፣ ማን ያጣራል? እንደ ሞኝ ቧንቧዬን ማሻሸት ያዝሁ።

«ጋሼ» አለች ሰአዳ፣ ቀስ ብላ፣ «አጠገቡ ያለውን ሰውየ ያንሡልኝ።»

አነሣሁ። ቢላው በቀኝ። የሚቀጥለውን አነሣሁ። በቀኝ። አዙራ ቢሆን ሁሉንም ባዞረች ነበር፤ ሌንሴ ነጻ ወጣች፣ እትየ መዲና ግን ተያዙ።

የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ «ገበታ ላይ ቀኝ ነበር» አሉ። «እናቱ ግራውን አስረው ነው ያሳደጉት። ደንገል ሲይዝ ግን ያች ግራው ትቀድመዋለች። እንደሱ አድርጎ ታንኳ የሚያስር አላየሁም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«የአባትሽ ነው ብልሽ ትተይው ነበር?»

ሰአዳ መጀመሪያ ሣቀች፣ ሣቋ ሳያልቅ አለቀሰች፣ እናቷም ተከተሏት። እኔም ያች «በቀኝሽ!» ያልሁባት ቀን ትዝ እያለችኝ መሬት መሬቱን አየሁ።

የእጁን ፎቶ ትልቅ አድርገን አሳጠብነው። የፎቶ ቤቱ ሰው «ፊቱስ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ማስረዳቱ ረዥም ስለነበር «ይኸው ይበቃል» ብዬው ወጣሁ።

በሠርጉ ዕለት ሙሽራዋ ዳቦውን እንድትቆርስ ቢላ ተሰጣት። የይፋግ አማቶች ከበው ቆመዋል። ሰአዳ በቀኟ ይዛ አንዴ አለች፣ ሁለቴ አለች፤ ቢላው ከጠንካራው ቅርፊት ላይ እየተንሸራተተ አስቸገራት።

«በሚቀናሽ ቁረጪው!» የሚል ድምፅ ከሴቶቹ መሐል መጣ። እትየ መዲና ነበሩ።

ሰአዳ እናቷን አየቻቸው። ቢላውን አሻገረችና ዳቦውን አንድ ጊዜ እስከ ታች ወረደችበት። ከሙሽራው አክስቶች አንዷ ወደ እትየ መዲና ጠጋ ብለው፣ ክፋትም ባይኖርበት ሰው በሚሰማው ድምፅ፣ «በግራዋ ነው እንዴ የምትቆርጠው?» አሉ።

«አዎ» አሉ እትየ መዲና፣ ቀና ብለው። «ቁርጥ አባቷን ናት።»