አንዴ ተጭነው ይጠብቁ

በኛ አገር አንዴ የተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ነው። እንግዳ «ብላ» ሲባል ገና በመጀመሪያው እጁን ከሰደደ አሳዳጊ የበደለው ይባላል፤ «በሞቴ» ተብሎ፣ ተለምኖ፣ ተጎትቶ ነው ወደ ማዕድ የሚቀርበው። የመርሳ መናኸሪያ ረዳት ድምፁ እስኪዘጋ «ወልድያ! ወልድያ!» ካላለ አውቶቡሱ የሚንቀሳቀስ አይመስለንም። ቢሮንማ ተዉት። ባለጉዳይ በመጣበት ቀን ጉዳዩ ካለቀለት፣ የተሰጠው ወረቀት ሐሰተኛ እንዳይሆን ይጠረጥራል። እኔ የቢሮ ሰው ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

የምሠራው የገበሬ መሬት መዝገብ ክፍል ነው። የትኛው ቢሮ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ባለው አስፋልት ዳር ካሉት አንዱ ነው በሉት። እማማ ዘሀራ ከሲሪንቃ በላይ ካለ ቀበሌ ስድስት ጊዜ ተመላልሰውብኛል። የመሬት ደብተራቸው በጦርነቱ ጊዜ ቤታቸው ሲዘረፍ አብሮ ሄዷል። የሟች ባላቸው ወንድም ደግሞ «ማሳው የኔ ነው» ብሎ ከሷቸዋል። ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤ እስከዚያ ማስረጃ ካላቀረቡ ይፈረድባቸዋል። የፈለጉት ከኮምፒውተሩ ታትሞ የሚወጣ አንድ ወረቀት ነበር። ስድስቱንም ጊዜ «ሲስተም የለም» ብያቸዋለሁ። ሦስቱን ጊዜ እውነቴን ነበር።

ማክሰኞ ለሰባተኛ ጊዜ ሲመጡ አዲስ ፕሮግራም ልጭን ተቀምጫለሁ። ወረቀታቸውን አስቀድሜ ማተም እችል ነበር። «በአዲሱ አምሮ ይወጣልዎታል፣ ትንሽ ይጠብቁ» አልኳቸው።

ማሽኑ «ቀጥል» የሚል ቁልፍ አሳየኝ። ተጫንኩት። ዝም አለ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ባለጉዳይ ፊት ለፊቴ ቆመዋል፣ አለቃዬ ከኋላዬ ሰዓቱን ያያል፣ ማሽኑ ጸጥ ብሏል። ደገምኩት፤ ሠለስኩት። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ትቼ ቀለም እንዳለቀበት ማኅተም እመታው ጀመር። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «አንዴ ተጭነው ይጠብቁ» የሚል ተጽፏል፤ ኋላ ነው ያነበብኩት። ለካ የመጀመሪያውን ሰምቶኝ ኖሯል! አሮጌውን መዝገብ እያነሳ ወደ አዲሱ ሲያዛውር፣ እኔ ትዕዛዝ በትዕዛዝ ላይ ስደራርብበት ተደናብሮ ቀጥ አለ። እንደገና ስከፍተው አሮጌው የለም፣ አዲሱም ባዶ ነው። ቅጂ አስቀምጥ ተብዬ ነበር። አንዴ ብቻ ስለተነገረኝ ረስቼዋለሁ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። በቢሮ ወግ ግን የሚያፈሰው ሌላ፣ የሚለቅመው ሌላ ነው።

«ምን ሆነ?» አለ አለቃዬ።

«እኒህ እናት ሲያጣድፉኝ ተበላሸ» አልኩ።

እማማ ዘሀራ እስከዚያች ደቂቃ ከአፋቸው የወጣው ነገር ቢኖር «አብሽር ልጄ፣ ቀስ በል» የሚል ብቻ ነበር። አለቃዬም አልጠየቃቸውም፤ ያልኩትን እንዳለ በሪፖርቱ ጻፈው። ባለሙያ ከደሴ እስኪመጣ ሐሙስ አለፈ። ማሳው ለባላቸው ወንድም ተፈረደለት፣ በሳምንቱም በሬውን ጠምዶ ገባበት።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት እማማ ዘሀራ ከች አሉ። ሊረግሙኝ የመጡ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ስለ ወረቀቱ አላነሱም። ነጠላቸውን አስተካክለው ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ መዝገባችሁን ያበላሸሁት እኔ ነኝ አሉ። መሬቱስ ሄደ፣ አላህ ያውቃል። የሰው ሐቅ ተሸክሜ ግን እንዳልሞት፣ አፉ በለኝ።»

አፉ በለኝ ማለት ይቅር በለኝ ነው። እፍረቱ እንደ እሳት ለበለበኝ። እውነቱ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ አለቃዬም በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አፉ ብያለሁ፣ እማማ» አልኳቸው።

እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። አሜን አልኩ።