ኮርሳ የሚመረምረው ጋሽ ተፈራ

ሰውን የሚጠረጥር ሰው ሞልቷል። ብስክሌት የሚጠረጥርስ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ ጋሽ ተፈራ ይባላል። ጅቡቲ ውስጥ እኛ የከባድ መኪና ሾፌሮች ተሳቢያችን ሲሰነጠቅ የምናስበይደው እሱ ዘንድ ነው። በትርፍ ጊዜው ደግሞ የፈረንሳዮችን አሮጌ ኮርሳ ብስክሌት እያደነ ያድሳል። ታዲያ ዝም ብሎ አይገዛም። ቀለሙን በጥፍሩ ይፍቃል፣ ብረቱን አንኳኩቶ ያዳምጣል፣ ኮርቻውን ሳይቀር ያሸታል። ሚስቱን ሲያገባ ይህን ያህል አጣርቶ ይሆን እንዴ?

ባለፈው ተሳቢዬን በይዶ፣ ቀለም ቀብቶ እንደጨረሰልኝ፣ አርሂባ የሚባለው ሰፈር አንድ የሚሸጥ ኮርሳ አለ ተባለና አብሬው ሄድኩ። ባለቤቱ ሐጂ ዑመር የሚባሉ፣ ከሾፌሮች ጋር ውለው አማርኛ የለመዱ ሽማግሌ ናቸው። ጋሽ ተፈራ መነጽሩን አድርጎ ተንበረከከ። ቀለሙን ፋቅ ፋቅ አደረገና ጮኸ።

«ተሰብሮ የተበየደ ነው! ብየዳ ብሎ ነገር! ላይ ላዩን ለጥፎ በቀለም ሸፍኖታል። ይህን የሠራ አጭበርባሪ መታሰር አለበት!»

ሐጂ ዑመር ትክ ብለው አዩት።

«ሟቹ ወንድሜ የገዛው ካንተ ነው። ‹እጅ ያልነካው ነው› ብለህ ስትምልለት እኔም ቆሜ ነበር።»

ጋሽ ተፈራ የደነገጠ መሰላችሁ? ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሳቸው በጥርጣሬ ቃኛቸው።

«ለውጠውት እንዳይሆን!» አላቸው።

እኔ ግን ቀሪውን አልሰማሁም። ወደ ተሳቢዬ ሮጬ ተንበረከክሁና አዲሱን ቀለም በጥፍሬ መፋቅ ጀመርኩ።