የአያ መኩሪያ ማግኔት

ውሃ የሚጠጣ ሞልቷል፤ ውሃ የሚጠረጥር ግን በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ አንዱም ይበቃል። ለእስራኤሏ ሰፈር ለአፉላ ኢሊት የደረሷት የውሃ ጠቅላይ መርማሪ፣ ክቡር አያ መኩሪያ ናቸው።

እንግድነት ሄደው ውሃ ሲቀርብላቸው ከኪሳቸው በክር የታሰረ ማግኔት ያወጣሉ። የቧንቧ ሠራተኛ ስልክ የተጻፈበት፣ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት ነው። ብርጭቆው ውስጥ ነከር አድርገው አገላብጠው ያዩታል። ምንም አልያዘም። «ቢሆንም ብረት አያጣውም» ብለው ሳይጠጡ ይመልሱታል።

ጎረቤታቸውን ስንቅነሽን ይህ ነገር አንጀቷን ያሳርራታል። ዐሥር ዓመት ሙሉ ከቤቷ አንድ ጉንጭ ውሃ አልቀመሱም። ወይ ንቀውኛል፣ ወይ መርዝ የማበላ መስያቸዋለሁ ትላለች። ወታደሯ ልጇ ረዑት ውሃ የሚመርዘው እርሳስ የሚባለው ብረት በማግኔት እንደማይያዝ ብታስረዳቸው፣ ያልተያዘ ሌባ ከተያዘው ይብሳል ብለው አሰናበቷት።

በፈረንጆቹ 91 አውሮፕላን ከኢትዮጵያ አምጥቶ ካወረዳቸው በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት፣ ቤተ እስራኤሎች ኢየሩሳሌም ወጥተው ለሚያከብሩት ለሲግድ በዓል ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ የስንቅነሽ እህት እታገኝ እጇ ላይ አረፈች። ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ቆይቶ በሚፈስ ውሃ ካልታጠበ ከሰው አይቀላቀልም፤ ለስንቅነሽ የጎንደሩ ሕግ አልተሻረም፣ የቤት ሻወርም አይቆጠርም። በሰባተኛው ቀን ነጠላዋን በፌስታል ይዛ ወደ ታችኛው ወንዝ ስትወርድ አያ መኩሪያ መንገዱ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«አትገቢም» አሏት። «ብረት አለበት።»

ደሟ ፈላ። ዛሬ እንኳ፣ በእህቴ ሐዘን?

«ወንዝ ያነጻል እንጂ መቼ ያረክሳል?»

ያን ጊዜ ለማንም ያልነገሩትን ነገሯት። ጡረታ ሳይወጡ በኢንዱስትሪ ቀጠናው፣ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ በኒኬል የሚለብጥ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጽዳት ነበሩ። አለቃቸው የዝቃጩን በርሜል ወንዝ ድፉ ይላቸዋል፤ እንጀራ ነውና ይደፋሉ።

«ዘጠኝ ዓመት፣ በእነዚህ እጆቼ» አሏት። «እያወቅሁ እንዴት ላስገባሽ?»

ስንቅነሽ ታዲያ የት ልታጠብ ብላ ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው ግን አስበውበት ኖሯል፤ በአውቶቡስ ከጊልቦዓ ተራራ ሥር ወዳለ ምንጭ ወሰዷት። ማንም እንዳይነካት ከኋላ ለብቻዋ ተቀመጠች።

ምንጩ ዘንድ ሲደርሱ ቆይ አሏትና ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ጠጡ። ደገሙ። ሦስተኛም ጠጡ። ስንቅነሽ ክው አለች።

«ማግኔቱስ?»

«እርሳስ አይዝም ብላለች ልጅሽ።»

አፋቸውን ጠርገው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ራቅ ብለው ተቀመጡ። እሷም ታጠበች፤ ለሲግድም ነጭ ለብሳ ከሕዝቡ ጋር ኢየሩሳሌም ወጣች።

በማግስቱ አያ መኩሪያ ቤቷ መጡ። ውሃ ቀዳች። እጃቸው ኪሳቸው ሳይገባ፣ እንደ ድሮው ደንብ፣ ቀድማ ተጎነጨችና ብርጭቆውን ዘረጋችላቸው። አዩዋት። ከዚያም እስከ ታች ጨለጡት።

«ብረት አያጣውም» አሏት ባዶውን እየመለሱ። «እስኪ ድገሚኝ።»