በደም ይታይ

ሁሉን ነገር ራሱ ካልፈተነ የማያምን ሰው የሌለበት መንደር የለም፤ ካለም ነዋሪዎቹ ዕድለኞች ናቸው። በኪቱዪ ቆላ ለሚኖሩት ካምባዎች ይህ ዕጣ የወጣው በክቡር ሙሴምቢ ነው። ጎረቤት መንገድ መቀየር ይችላል። ሲዮካው ግን ልጃቸው ናት፤ መሸሻ የላትም።

ሙሴምቢ የቀስት መርዝ ቀቃይ ናቸው። የመርዛሙን ዛፍ እንጨት እንደ ሬንጅ እስኪጠቁር ያንተከትኩታል። ከዚያ «በደም ይታይ» ብለው ክንዳቸውን ጫር ያደርጋሉ፤ ደሙ ቁልቁል ሲወርድ ጫፉን በመርዙ ይነኩታል። ደሙ እየጠቆረ ሽቅብ ይወጣል፤ ጭረቱ ጋ ደርሶ ሳይገድላቸው ጠረግ ያደርጉታል። በራሱ ደም ያልሞከረውን ለአዳኝ የሚሰጥ ቀቃይ ከሰው አይቆጠርም ባይ ናቸው።

አደን ተከለከለና የሚፈተን መርዝ ጠፋ። ፈተናው ግን አልቀረም። ሲዮካውን ሊያገባ የመጣውን ሰው፣ ትዕግሥቱ ይታይ ብለው ፀሐይ ላይ አስቀምጠውት ተኙ። ሰውዬው ሄደ፤ ሲዮካው እስከ ዛሬ አላገባችም። ለቅሶ ቤት ሄደው እንኳ ይተነፍስ እንደሆነ ሊያዩ የሬሳው አፍንጫ ላይ የዶሮ ላባ ይይዛሉ።

«ሙሴምቢ፣ ትናንት እኮ ነው የሞተው» ይሏቸዋል ለቀስተኞቹ።

«እናንተ ናችሁ ያላችሁት። ላባው ምን አለ?»

ዘንድሮ እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሻቸው አጠረ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ኪኒን ሰጣቸው። «ልብዎ ደክሟል። ይህ ከሌላ ዕፅ የተገኘ ነው፤ ግን ከእርስዎ መርዝ ጋር ዘመድ ነው። በልክ ሲሆን ልብ ያበረታል። ካልዋጡት ዝናቡን አያዩም።»

ቤት እንደገቡ ኪኒኑን ፈጭተው፣ በምራቅ አርሰው ክንዳቸውን ጫሩ። ደሙ እንደ ቀላ ቀረ።

«ውሃ ነው።»

«አባዬ፣ ለእርስዎ እኮ ነው እንጂ ለዝሆን አይደለም።»

«ዝሆን የማይጥል ነገር እኔን ምን ያነሳኛል?»

ሲዮካው ተስፋ ቆረጠች። በማግስቱ ለፈተና የምታቀርበው የኪኒን ዱቄት ውስጥ ከአሮጌው መርዛቸው በድብቅ ቀላቀለች። ደሙ ጠቁሮ ሽቅብ ሮጠ፤ ሙሴምቢ ለጥቂት ጠረጉት። ፊታቸው በራ።

«ይኼ ሥራ በሚያውቅ ሰው እጅ የተሠራ ነው።»

«እንግዲያው ከዚሁ ያልተፈጨ አለልዎ፣ ይዋጡ።»

«አብጃለሁ እንዴ? እንዲህ ያለውን መርዝ ልዋጥ?»

 ሲዮካው ንጹሑን ኪኒን ፈጨችና ቢላዋውን አንስታ የራሷን ክንድ ጫረች።

«ምን ልትሆኚ ነው አንቺ?»

«በራሱ ደም ያልሞከረ ከሰው አይቆጠርም ያለው ማነው?»

ሙሴምቢ ደሟን ሲያዩ ቢላዋውን ከእጇ ነጠቁ። ክንዷን በኩታቸው ጫፍ አሰሩላት፤ ከዚያ አንዱን ኪኒን አንስተው ዋጡ። «ውሃ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ «ውሃ ነው» ሳይሉ የዋጡበት ቀን የለም።

ግን ረፍዶ ነበር። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ሲመታ ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ «አርፈዋል» አለ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። ሲዮካው ወደ ጓሮ ወጥታ የዶሮ ላባ ይዛ ተመለሰች፤ የአባቷ አፍንጫ ላይ ያዘችው።

«ልጄ፣ ሐኪሙ እኮ ተናግሯል» አሏት ጎረቤቷ።

«እሱ ነው ያለው» አለች።

ላባው አልተነቃነቀም። እሷ ግን እጇ እስኪዝል ድረስ አላነሳችውም።