በሩጫ ያረዳሁት መርዶ

ከሁሉ በፊት ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ። መስመሩን ስጀምር ቀጥ ይላል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላል። ፊደሉም ቢሆን የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባ እስከ ስምንተኛ ክፍል ድረስ አልገባኝም፣ ከስምንተኛ በላይ ደግሞ አልሄድኩም። የተሳሳተውን እያቃናችሁ አንብቡልኝ። በአፌ ባወራችሁ ይሻል ነበር፤ ግን በአፏ የምታወራ ልጅ ብሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጉድ መቼ ይመጣ ነበር?

በእኛ አገር ሰው ዝም ብሎ አይሮጥም። ጂንካ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ካያችሁ ወይ ሰርቋል፣ ወይ ተሰርቋል፣ ወይ በሬ እያባረረው ነው። ልጆች በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ላይ ኳስ ይዘው ቢሮጡ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ያደገች ሴት ልጅ ግን በጠዋት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ከሮጠች፣ አንድ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ከአሰልጣኝ ማሞ በቀር።

አሰልጣኝ ማሞ ከሌላ ከተማ ተመድቦ የመጣ የስፖርት ሰው ነው። አንድ ቀን በአክስቴ ቁርስ ቤት ጨጨብሳውን እየበላ፣ አርባ ምንጭ ላይ ትራያትሎን የሚባል ውድድር እንዳለ ነገረን። መጀመሪያ ይዋኛል፣ ከውሃው ወጥቶ ብስክሌት ይነዳል፣ ከብስክሌቱ ወርዶ ይሮጣል። አክስቴ ዘነበች ጨርሳ ከሰማች በኋላ፣ ሦስቱንም በአንድ ቀን ነው? ብላ ጠየቀች። በአንድ ቀን፣ ያውም ያለ ዕረፍት አላት። ምን አጥፍተው ነው? አለች።

የሚያሰለጥነው ቡድን አንዲት ሴት ልጅ ትጎድለው ነበር። አሰልጣኝ ማሞ ዙሪያውን ቃኘና ሻይ ይዤ የቆምኩትን እኔን፣ አንቺ ትወዳደሪያለሽ? አለኝ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት ሲጠይቁኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ዝም አልኩ። እሺ ብላለች ብሎ ስሜን ጻፈ። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች በዝምታቸው ምክንያት ወንዝ ገብተው አያውቁም።

እውነቱን ለመናገር ግን ውስጤ ፈልጎ ነበር። ከተወለድኩበት ገጠር ከካኮ ወደ ጂንካ የመጣሁት ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ነው። ያመጣኝ ሞተር ሳይክል ጭቃ ላይ ተገለበጠና እግሬ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ አስሮ አስተኛኝ፤ ተኝቼ ሳለሁ ምዝገባው አለፈ። ስነሳ የጠበቀኝ ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ቁርስ ቤቱ ነው። አሰልጣኝ ማሞ አርባ ምንጭ ላይ ጥሩ ውጤት ያመጣች ልጅ ማሰልጠኛ ትገባለች፣ እዚያ ስፖርቱም ትምህርቱም አብሮ ነው ሲል ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም።

አክስቴ ግን ቁርጡን ነገረችኝ። እግርሽ አንዴ ካበጠ፣ አንዴ ካነከስሽ፣ ወደ ካኮ ትመለሻለሽ፤ ለእናትሽ ልጅሽን አሽመድምጄ መለስኩልሽ አልላትም አለች።

ልምምዱን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሳይነጋ ሊጥ አቦካለሁ፣ ወደ ነሪ ወንዝ እሮጣለሁ፣ ተመልሼ ቁርስ አቀርባለሁ፣ ሰሃን አጥባለሁ፣ ማታ ደግሞ የመዘምራን ልምምድ አለ። እዚያ ቆሜ ነው የማንቀላፋው። «አሜን» ሲሉ እነቃለሁ።

የውሃ ዋናው ብቻውን አንድ ወግ ይወጣዋል። አሰልጣኝ ማሞ ራሱ መዋኘት አይችልም። ወገቤን በገመድ አስሮ፣ በአንድ እጁ ገመዱን በሌላው ስልኩን ይዞ፣ ቪዲዮ እያየ ከዳር ሆኖ ትእዛዝ ይሰጠኛል። ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ጥጃውን ውሃ የሚያጠጣ ነበር የሚመስለው። አንድ ቀን ስልኩ አምልጦት ወንዙ ውስጥ ሊገባ ሲል ገመዱን ለቀቀና ስልኩን ያዘ። በእውነት መዋኘት የቻልኩት ያን ቀን ነው።

ብስክሌቱ ደግሞ የኪራይ ነው። ፍሬን የለውም። ፍሬኑ የኔ ጫማ ነው።

ሦስቱንም አከታትዬ የምፈተንበት ቀን ቅዳሜ ሆነ፣ የገበያ ቀን። አሰልጣኝ ማሞ ሳላነክስ መድረሴን አክስቴ በዓይኗ እንድታይ ብሎ ሩጫው በሯ ላይ እንዲያልቅ አደረገው። አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ፤ መንገድ ላይ እንዳትቆሚ፣ ከማንም ጋር እንዳታወሪ፣ ሰዓቱ ይበላሻል። እኔን እንዳላወራ ማስጠንቀቅ! ዓሣን ዛፍ ላይ እንዳትወጪ እንደማለት ነው።

ከወንዙ ስወጣ ቀሚሴ ሰውነቴ ላይ ተለጠፈ። አፈርኩና ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። ፀጉሬ ተበታትኗል፣ ዓይኔ በውሃው ቀልቷል። ብስክሌቱን ነድቼ መጥቼ ሜዳው ጫፍ ላይ ስጥለው ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ባለቤቱ አሰልጣኝ ማሞን አንቆ ሲይዘው እኔ ሩጫዬን ጀመርኩ።

ገበያው መግቢያ ላይ ጎረቤታችን እማማ አስካለ ጎመናቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እንዳዩኝ ተነሱ። አንቺ ትዕግሥት! ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው? አሉ። ምንም የለም፣ አልኩ እየሮጥኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ በቀጥታ አይነገርም። የታመመው ትንሽ አሞታል ይባላል፣ የሞተው በጣም ታሟል ይባላል። ምንም የለም ከተባለ ግን አለቀ፣ ነጠላ ማዘቅዘቅ ነው።

እማማ አስካለ በዚያ ዕድሜያቸው ሮጠው ደረሱብኝ። በለጠ ደህና ነው? አሉ። ጋሽ በለጠ የአክስቴ ባል ነው፣ የመሥሪያ ቤት ሾፌር። ለሥራ ቆላ ወርዶ ካንጋተን ከሄደ ወዲህ ስልኩ አልሠራ ብሎ አክስቴ ስትጨነቅ ሰንብታለች። አላውቅም አልኳቸው፣ እውነቴን ነው። ንገሪኝ እንጂ፣ እኔ እችለዋለሁ! አሉ። ሰዓቱ ትዝ አለኝ። ቤት እነግርዎታለሁ! ብዬ ጥያቸው ሄድኩ።

ከኋላዬ «ወይኔ በለጠ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። የትኛው በለጠ እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ገበያው ውስጥ በለጠ ብዙ ነው። ግን ጩኸቱ ቆሞ አልቀረም፣ ይከተለኛል። ደንግጬ ፍጥነት ጨመርኩ። እኔ ስፈጥን እነሱ ይብሱን ይጮሃሉ፣ እነሱ ሲጮሁ እኔ እፈጥናለሁ። እንደዚያን ቀን ሮጬ አላውቅም። እግሬ ተሰብሮ እንደነበር እንኳ ረሳሁት።

አክስቴ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። እግሬን ልታይ አልነበር? አላየችውም። ከኋላዬ የሚመጣውን ሕዝብ አየች። የያዘችው ጭልፋ ከእጇ ወደቀ፣ ራሷም ተከትላው ወደቀች። ለቅሶው በአገራችን ቋንቋ በአሪኛ ተጀምሮ በአማርኛ ቀጠለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች የመጽናኛ መዝሙር አነሱ፣ እማማ አስካለ በበኩላቸው ደረታቸውን ይደቃሉ። እኔ መሐል ቆሜ፣ ማን ሞቶ ነው? እላለሁ። አንዷ አቅፋኝ፣ አይዞሽ፣ ጋሽ በለጠን ሁላችንም አጣነው አለችኝ። ከኔ ሰሙ የተባለውን ከነሱ ሰማሁ።

ይህ ሁሉ ሰው ሊሳሳት አይችልም ብዬ አመንኩ። መሬት ላይ ተደፍቼ እየተንከባለልኩ አለቀስኩ። ለያዥ ለገላጋይ አስቸገርኩ። አፌ አፈሩ ውስጥ ስለነበር ምን እያልኩ እንደማለቅስ የሰማ የለም። አሰልጣኝ ማሞ ደርሶ ሁኔታውን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ከወንዶቹ ጋር ቆመ። የያዘውን ሰዓት ግን አላቆመውም።

የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ማቆም ሲጀምሩ መኪና መጣ። ጋሽ በለጠ ነው። አቧራ በአቧራ ሆኖ፣ ከነሕይወቱ። ድንኳኑን አይቶ ዘነበቼ ሞተች! ብሎ በሩን ሳይዘጋ ዘሎ ወረደና ራሱን እየደበደበ መጣ። አክስቴ ድምፁን ሰምታ ቀና አለች፤ እሱ እሷን፣ እሷ እሱን አይተው ሁለቱም ባሉበት ደርቀው ቀሩ። አንዲት ሴትዮ በኢየሱስ ስም! ብላ በጓሮው አጥር ዘላ አመለጠች። የድንኳኑን ምሰሶ የያዘው ሰውዬ ብቻ በእርጋታ፣ እንግዲህ ላቁመው ወይስ ልተወው? ብሎ ጠየቀ።

ተቃቅፈው፣ ተላቅሰው፣ ጌታ ይመስገን ከተባለ በኋላ መርዶውን ማን አመጣው? የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጣት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምንም አላልኩም፣ ምንም የለም ነው ያልኩት አልኩ። እማማ አስካለ ተቆጡ። ሰው ሳይሞት ምንም የለም የሚል ማን አለ? አሉ። ሽማግሌዎቹም ልክ ናቸው ብለው ፈረዱላቸው።

አክስቴ በቃ፣ ነገ ወደ ካኮ! ብላ ተነሣች። ያን ጊዜ ጋሽ በለጠ፣ ቆይ፣ ለመሆኑ አብልጦ ያለቀሰልኝ ማን ነው? አለ። ይህን የመጠየቅ ዕድል ለስንት ሰው ይደርሰዋል? ሁሉም እሷ ናት፣ መሬት ላይ ስትንከባለል በአራት ሰው ነው የያዝናት ብለው መሰከሩልኝ። ዓይኑ እንባ ሞላ። አጠገቡ አስቀመጠኝ። የወለድኳት ብትሆን ከዚህ በላይ ምን ታደርግ ነበር? ይህች ልጅ የምትፈልገው ምንድን ነው? አለ። እኔ እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። አሰልጣኝ ማሞ ግን እስካሁን የሚቆጥረውን ሰዓት ከፍ አድርጎ፣ አርባ ምንጭ መወዳደር! አለ። አክስቴ ያኔ ጎንበስ ብላ እግሬን ዳሰሰችው። አላበጠም።

ይኸው ነገ ወደ አርባ ምንጭ እንሄዳለን። ጋሽ በለጠ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ ከልቧ ያለቀሰችልኝ ልጅ እያለ ያስተዋውቀኛል፣ እኔም መሬት መሬት አያለሁ። ሰው ትሕትና ይለዋል።

ጋሽ በለጠን እወደዋለሁ፣ ይህን እግዚአብሔርም ያውቃል። ግን ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ያን ቀን አፈር ውስጥ ተደፍቼ ያሰብኩት፣ ከሐዘን ቤት ልጅ ለውድድር እንደማትላክ ነው። ሰው ሁሉ «ወይኔ በለጠ!» ሲል እኔ «ወይኔ አርባ ምንጬ!» ነበር የምለው።