ሽማግሌዎቼን ያስረፈደብኝ የራሴ ኮድ

ጓዶች፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ዛሬ በገዛ ኮዴ ሚስት ላጣ ነበር!

ኧረ ቀልድ አይደለም።

ለአዲሶቹ፦ እኔ በዚህ ገጽ ለዌብ ዴቨሎፐሮች አጫጭር ኮድ የምለጥፈው ሰውዬ ነኝ። "ኮፒ አድርጉ፣ ለጥፉ፣ ተገላገሉ" እያልኩ የምመጻደቀው። "ሴታፕ ስትጨርሱ መጀመሪያ ለራሳችሁ ስልክ ልካችሁ ሞክሩ" ብዬ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። አላፍርም እኮ!

ዛሬ እሁድ ሽማግሌ የምልክበት ቀን ነበር። ከሰላም ጋር አራት ዓመት ቆይተናል፤ ቤቴል ያሉት አባቷ ግን አንድም ቀን አይተውኝ አያውቁም። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው።

ለሦስቱ ሽማግሌዎች "እሁድ ነው፣ ሰዓቱን በሜሴጅ እልካለሁ" ብያለሁ። መደወል ይቻል ነበር። ስልክ አለ፣ አፍ አለ። ግን እኔ ዴቨሎፐር ነኛ!

ቀጠሮ መዝግባ ለሁሉም በአንዴ ሜሴጅ የምትልክ ሚጢጢ ዌብሳይት ሠራሁ። ውስጧ በጣም የምኮራባትን ኮድ ከተትኩ። የፈረንጅ ሰዓት ስትሰጧት ወደ ሐበሻ ሰዓት ትቀይራለች። ስድስት ትቀንሳለች፣ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አሥራ ሁለት ትደምራለች። አለቀ።

እኔ ምን አስገባሁ መሰላችሁ?

3!

ለእነ ሰላም ቤት የተነገረው ጠዋት ሦስት ሰዓት። በሐበሻ!

ቀድሞውኑ ሐበሻ የሆነውን ሰዓት እንደገና ሐበሻ አደረገችው። ቅዳሜ ዕለት በሦስቱም ስልክ ላይ "ነገ 9 ሰዓት ቤቴል" ብሎ ገባ። የሌሊት ሰዓት ቢሆን እኮ ደንግጠው ይደውሉልኝ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ግን ከምሳ በኋላ ነው፣ ለሽምግልና ደህና ሰዓት ነው፣ ማን ይጠረጥራል?

ደግሞ ይህን ኮድ እዚህ ስለጥፍ አንዲት ልጅ ኮሜንት ላይ "የሚገባው ሰዓት ቀድሞውኑ የሐበሻ ቢሆንስ?" ብላ ጠይቃኝ ነበር። "እህቴ፣ ኮዱን በደንብ አንብቢ" አልኳት።

ይቅርታ እህቴ። እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ።

አግቢው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ስለዚህ አየር ጤና ቤቴ ተቀምጬ ጥፍሬን እበላለሁ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሰላም ደወለች፣ በሹክሹክታ።

"የታሉ?"

"እነማን?"

"እነማን?!"

ወይኔ! ዓለም ባንክ ሰፈር ለሚኖረው አጎቴ ለጋሽ ተካ ደወልኩ፤ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ እሱ ነው። ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ነው። "ግማሹን ገና አልተላጨሁም፣ ቀጠሮው ዘጠኝ ሰዓት አይደል፣ ምን አስቸኮለህ?" አለኝ። ሁለተኛው ቸርች ናቸው፣ ስልካቸው ዝግ። ሦስተኛው ክርስትና ተጠርተው ሰሃን ይዘዋል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል እሰማ ነበር። ዛሬ እኔ ሦስት ሽማግሌ ስለቅም ዋልኩ!

ተሰብስበው ቤቴል ሲደርሱ ሰባት ተኩል ሆኗል። በናታችሁ፣ ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ የልጅቱ አባት ሽማግሌ ሲጠብቁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ከዚህ በኋላ ያለውን ሰላም ከጓዳ ሆና በቴሌግራም እየላከችልኝ ነው የማውቀው።

ጋሽ ደምሴ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከነክራቫታቸው። "ተቀመጡ" አሏቸው። አጎቴ በወጉ መሠረት "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አለ።

"እኔም ከሦስት ሰዓት ጀምሬ ቆሜያለሁ፤ እንግዲያው አብረን እንቁም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! እኔ አየር ጤና ሆኜ ነው እንግዲህ።

አጎቴ የተሳሳተውን ሜሴጅ ከስልኩ አሳይቶ ይቅርታ ጠየቀና እንደምንም ወደ ማሞገሱ ገባ። ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ሥራ አለው።

"ሥራው ምንድን ነው?"

አጎቴ ዞሮ ሁለቱን ሽማግሌዎች አየ።

"ኮምፒውተር" አለ አጎቴ፣ ቀስ ብሎ።

"ይህን ሜሴጅ የላከው ኮምፒውተር?"

"እ... እሱው ነው።"

ጋሽ ደምሴ የአጎቴን ስልክ ተቀበሉ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ እኔ በጭንቀት የጻፍኩለትን ማብራሪያ ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ወረቀት አስመጥተው ሠሩት። "ሦስት ሲቀነስ ስድስት፣ ሲደመር አሥራ ሁለት። ዘጠኝ።" ቀና አሉ። "ስሌቱስ ልክ ነው። ልጁ ጥያቄውን አላነበበም።"

አራት ዓመት ሙሉ የሥራ ባልደረቦቼ ኮዴን ሲተቹ፣ ኮድ ሪቪው ሲያደርጉልኝ ኖረዋል፣ እንዲህ አድርጎ የገደለኝ የለም!

ከዚያ ፈረዱ። "ከሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተመልሳችሁ ኑ። ሰዓቱን ግን ልጁ በሜሴጅ አይላክ። በእግሩ ሄዶ ለእያንዳንዳችሁ በአፉ ይንገር።"

እምቢ አላሉም! ገባችሁ? ቀጠሮ ነው የሰጡት!

እነ አጎቴ ከወጡ በኋላ ሰላም ደወለች። እየሳቀች መስሎኝ ነበር፣ እያለቀሰች ነው።

"ጠዋት እማዬ 'ልጁ ከልቡ አይደለም' ስትል አባዬ ምን እንዳለ ታውቃለህ? 'አራት ዓመት የጠበቀ ሰው ዛሬ አይቀርም፣ መንገድ ተዘግቶባቸው ይሆናል' አለ። አራቴ በር ድረስ ወጥቶ አየ።"

ዓይኔን አይተውት የማያውቁ ሰው፣ ከነክራቫታቸው ቆመው ለእኔ ጥብቅና ሲቆሙ ዋሉ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አስደበቀኝ።

ያቺን ኮድ ከገጼ የወሰዳችሁ፣ ዛሬውኑ አስተካክሏት። ከመቀነሷ በፊት የገባላት ሰዓት የማን እንደሆነ ትጠይቅ። ለራሳችሁም ስልክ ልካችሁ ሞክሩ። እኔ ብዬ ነበር እኮ፣ ብቻ ራሴን አልሰማሁም።

አሁን ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ከአየር ጤና ዓለም ባንክ በእግር ስንት ሰዓት ይፈጃል? እሱስ በሐበሻም በፈረንጅም ያው ነው፣ አይደል?