የአቶ ሰረቀብርሃን ጥግ

በሚኒያፖሊስ ባለትዳር ወንድ ሁሉ ከቤቱ አንዲት ጥግ ሳይነጥቅ ዊንተርን አይወጣም። አንዱ ትልቅ ቴሌቪዥን ያቆምባታል፤ ሌላው ስፖርት እሠራለሁ ብሎ የገዛውን ማሽን አስገብቶ ልብስ ይሰቅልበታል። የእህተማርያም ባል፣ ክቡር አቶ ሰረቀብርሃን ግን ጥጓን የነጠቋት ለጃፓን ዋሽንት ነው።

ሻኩሃቺ ይሉታል፤ ከነሥሩ የተቆረጠ ወፍራም ቀርከሃ። ሻኮፒ በሚሠሩበት መጋዘን አብሯቸው ሽፍት የሚገባ አሜሪካዊ አሰማቸው፤ ሴንት ፖል ከተማ አስተማሪ አገኙ። ብዙም ሳይቆይ ሲዋርድ ሰፈር ባለው አፓርታማቸው መስኮት ሥር ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ ሻማ፣ ለስላሳ ድንጋይና የአንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ ፎቶ ተደረደሩ። እዚያ የነበረው እህተማርያም ሹሩባ የምትሠራበት ወንበር ወደ ኩሽና ተሰደደ።

"ሰረቀ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?"

"አስተማሪዬን ያስተማረ።"

"ሻማ የሚበራለት ቅዱስ ነው?"

"ሻማው ለትንፋሽ ነው። ነበልባሉ ሳይነቃነቅ መንፋት አለብኝ።"

"እና ይነቃነቃል?"

"ይጠፋል" አሉ አቶ ሰረቀብርሃን፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

እህተማርያም ለጓደኛዋ ለማሚት ደወለች። "ሃይማኖት ቀየረ እንዴ?" አለች ማሚት።

"ኧረ ይጾማል፣ ያስቀድሳል። ግን ሸምበቆው ፊት ጫማውን አውልቆ ነው የሚቀመጠው።"

በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነበር። ታች የሚኖረው ሞሲሳ ሂተሩ አየር አፈሰሰ ብሎ የጥገና ሠራተኛ አስጠራ። ጉዳዩን ሲያውቅ "ጋሼ፣ የራሳችን ዋሽንት እያለ?" አላቸው።

"እሱ ዘፈን ነው። ይሄ ዲሲፕሊን ነው።"

በመከር አንዲት ዜማ ወጣች፤ ቀርፋፋና ረጅም። ጃንዋሪ ሲገባ ሂተሩ አየሩን አደረቀው። ቀርከሃ ደረቅ አየር ስለማይወድ አቶ ሰረቀብርሃን ውሃ እያተነነ አየር የሚያረጥብ ሂውሚዲፋየር ገዝተው ከዋሽንቱ ጎን አቆሙ። ከንፈሯ የተሰነጣጠቀው እህተማርያም "እኔስ?" ብትል "አንቺ ቅባት አለሽ" አሏት።

አንድ ቀን ለሥራ ሲጣደፉ ውሃውን ሳይሞሉ ሄዱ። ሲመለሱ ዋሽንቱ ከላይ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ፊቱ ተቀመጡ። ራት ቀረበ፣ አልበሉም። በማግስቱም፣ በሳልስቱም ከሥራ ሲገቡ እዚያው ተቀመጡ።

እህተማርያም ጥጓን የማስመለሻ ጊዜዋ ደረሰ። ወንበሯን ከኩሽና አወጣች፤ ሳሎኑ መሀል ስትደርስ አስቀመጠችውና ለሴንት ፖሉ አስተማሪ ደወለች።

አስተማሪው ዋሽንቱ በጠንካራ ክር ዙሪያውን ቢታሰር እንደሚድን ነገራት፤ ግን ክሩ ክፍተት ሳይኖረው በደንብ መጥበቅ አለበት።

"ማጥበቅ ነው?" አለች ስልኩን ዘግታ። "የሰው ጭንቅላት ሳጠብቅ አይደል የኖርኩት? ና ተቀመጥ።"

አቶ ሰረቀብርሃን የደንበኞቿ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዋሽንቱን በጉልበቶቻቸው መሀል ያዙ። ክሩ በዞረ ቁጥር ራሳቸው የታሰሩ ይመስል ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

"ቀስ! ቀስ በይ!"

"አትነቃነቅ!"

ጨረሰችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። እሳቸው ግን ዋሽንቱን ወደ አፋቸው ማስጠጋት ፈሩ።

"ንፋው እንጂ!"

ነፉ። ድምፁ መጀመሪያ ሻከረ፤ ከዚያ ተስተካከለ። ዜማዋን እስከ መጨረሻው ሄዱባት። እህተማርያም ወደ ኩሽና ተመለሰች።

"እንዴት ነው?" አሉ ከሳሎን።

"መጨረሻ ላይ የምትወርደዋን ዘለልካት።"

"የቷን?"

እህተማርያም ሽንኩርቷን እየከተፈች ዜማዋን ከመጀመሪያ አንስታ አንጎራጎረችላቸው፤ ትንፋሽ ከሚወስዱባቸው ቦታዎች ጭምር።